በማናየው ሰው ፊት፦ የደብዳቤን ቃና ስለ መምረጥ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምነጋገርበት ጉዳይ ከአንድ ግስ ይነሣል። አንድ ሰነድ እንዲላክልን ፈልገን ደብዳቤ ልንጽፍ ተቀምጠናል እንበል። «ላክልኝ» ብንል ለወንድ ጓደኛ ወይም ለታናሽ ጻፍን፤ «ላኪልኝ» ብንል ለቅርብ ሴት፤ «ላኩልኝ» ብንል ለብዙዎች፤ «ይላኩልኝ» ብንል ደግሞ በዕድሜ፣ በማዕረግ ወይም በትውውቅ ማነስ ምክንያት አክብረን ለምንጠራው ሰው። ከእነዚህ ውጭ፣ ዝምድናውን ሳይገልጽ ጥያቄውን ብቻ የሚያቀርብ የትእዛዝ አንቀጽ ቋንቋችን አልሰጠንም። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ለአለቃውም ለልጁም በአንድ ተውላጠ ስም ይጽፋል፤ ስለ ዝምድናው የሚያስብበት ጊዜም ትንሽ ሊዘገይለት ይችላል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ከመዝጋቱ በፊት «አንተ ለእኔ ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ጨርሷል።

ቃና የምለው ይህንኑ መልስ ነው። ከቃላቱ ትርጉም ባሻገር፣ ጸሐፊው ለአንባቢው ያለው አመለካከት ከጽሑፉ ውስጥ እንደ ድምፅ ሲሰማ ቃና እንለዋለን። ለዓመታት የራሴንም የሌሎችንም ደብዳቤ ስጽፍና ሳርም ቆይቼ አንድ እምነት ይዣለሁ፤ አብዛኛው ጸሐፊ ቃናውን የሚወስደው በሚጽፍበት ሰዓት ከሚሰማው ስሜት ነው፤ መውሰድ የነበረበት ግን ተቀባዩ በሚያነብበት ሰዓት ከሚገኝበት ሁኔታ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሳምንት ይሆናል፤ በደብዳቤ ምክንያት የሚፈጠረው ቅያሜ አብዛኛው የሚበቅለውም በዚያ ርቀት ውስጥ ነው።

ነገሩ ጥንትም ሰዎችን ያሳስብ ነበር። ስለ አጻጻፍ ስልት የተጻፈና ዴሜጥሮስ በሚባል ስም የሚታወቅ አንድ የጥንት ግሪክ ድርሰት ስለ ደብዳቤ አጭር ክፍል አለው። ደራሲው የአርስቶትልን ደብዳቤዎች ያዘጋጀውን አርጤሞን የተባለ ሰው ይጠቅሳል፤ አርጤሞን ደብዳቤ የምልልስ አንዱ ወገን ስለሆነ እንደ ምልልስ ሊጻፍ ይገባዋል ይል ነበር። ደራሲው ይህን በከፊል ይቀበልና የራሱን ያክልበታል፤ ምልልስ በድንገት የሚነገረውን ቃል ይመስላል፣ ደብዳቤ ግን ተጽፎ እንደ ስጦታ የሚላክ በመሆኑ ከንግግር ጥቂት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል ይላል። እኔ ይህን ቃል እጅግ እወደዋለሁ። ስጦታ የሚመርጥ ሰው የሚያስበው ስለሚቀበለው ሰው ነው፤ ለራሱ ደስ ያለውን ዕቃ ጠቅልሎ የሚሰጥ ሰው ሰጪ መባሉ አይቀርም፣ ነገር ግን ተቀባዩ ስጦታውን በከፈተው ጊዜ እንዳልታሰበበት ያውቃል።

የምልልስ አንዱ ወገን መሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ፊት ለፊት ስንነጋገር ያሰብነው ነገር በሰውየው ፊት ላይ ጥላ ሲያጠላ እናየዋለን፤ ግንባሩ ሲቋጠር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ «እንዲህ ማለቴ እኮ አይደለም» ብለን እናስተካክላለን፣ ነገሩን እናለዝባለን። ደብዳቤ ይህ ዕድል የለውም። ወረቀቱ ከእጃችን ከወጣ በኋላ አንባቢው ለብቻው ነው፤ የጎደለውን ድምፅ ከራሱ ያመጣል፤ የደከመው ሰው በደከመ ድምፅ፣ የተጠራጠረ ሰው በተጠራጣሪ ድምፅ ያነበዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ጽሑፍን ለማወደስ የተነገረ ነው፤ የተቀየመ ሰው ግን ደብዳቤያችንን አሥር ጊዜ ሊያነብብ እንደሚችል፣ በየጊዜውም ቁስሉ እንደ አዲስ እንደሚያመው ለሚያስብ ጸሐፊ ይኸው አባባል ማስጠንቀቂያም ነው።

ጸሐፊዎች ይህን አደጋ አሳንሰው እንደሚያዩት የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ምርምር፣ ተሳታፊዎች አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከልባቸው፣ አንዳንዱን በምፀት እንዲያስተላልፉ ተደረገ፤ ከፊሎቹ በኢሜይል፣ ከፊሎቹ በድምፅ። በኢሜይል የጻፉት ሰዎች ከ100 ጊዜ 78 ያህሉን ተቀባዩ በትክክል ይረዳናል ብለው ገመቱ፤ በትክክል የተረዱት ግን 56 ያህሉን ነበር። ምርጫው ሁለት ብቻ ስለነበረ በዘፈቀደ የሚገምት ሰው እንኳ 50 ያህሉን ያገኝ ነበር። በድምፅ የተላለፈው ግን ከ70 በላይ ተገኘለት። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጻፍነውን ዓረፍተ ነገር መልሰን ስናነብብ በጆሯችን የሚሰማን የራሳችን ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እኛ ግን ያለ ይመስለናል።

የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ከአንድ የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ ጋር አንድ ጽሑፍ በጋራ ለማዘጋጀት ተስማምተን፣ የእኔን ክፍል ጨርሼ የእርሱ ዘገየብኝ። ሁለት ጊዜ በቃል ጠይቄው ስለነበር ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ አፈርኩ፤ አፍሬም በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። እንዳላስቀይመው ብዬ የማውቀውን የአክብሮት ቃል ሁሉ ሰበሰብኩ። «ቀደም ሲል በተስማማነው መሠረት የድርሻዎን ጽሑፍ በተቻለ ፍጥነት አጠናቀው እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። አብረን ካደግን ጀምሮ «አንተ» የምለውን ሰው ነው «እርስዎ» ያልኩት። ለሁለት ሳምንት መልስ አልሰጠኝም። በኋላ ስንገናኝ፣ «የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ የሌላ ሰው ደብዳቤ በስህተት የደረሰኝ መሰለኝ፤ ስምህን ከታች ሳይ ሆድ ባሰኝ» አለኝ። የጠየቅሁት ነገር አላስቀየመውም፤ መዘግየቱንም ራሱ ያውቀዋል። ያስቀየመው ከእርሱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማፈግፈጌን በግሱ ውስጥ ማየቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አክብሮትንና ርቀትን ለይቼ ማየት ጀመርኩ። «እርስዎ» ለማናውቀው ሰው አክብሮት ነው፤ ለምናውቀው ሰው ድንገት ሲመጣ ፊት መንሳት ነው። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ላገኘነው ሰው «አንተ» ብለን መጻፍ ቅርበት የምንፈጥር ሊመስለን ይችላል፣ ነገር ግን ያልሰጠንን ቦታ መንጠቅ ነው። ደንብ አድርጌ የያዝኩት ይህን ነው፤ በቃል ስንነጋገር የምንጠራራበትን አጠራር በደብዳቤውም መጠበቅ፤ ተነጋግረን ካላወቅን ደግሞ ወደ «እርስዎ» ማድላት፤ በመካከል መቀያየር ቢያስፈልግ እንኳ መጀመሪያ ራሱ ተቀባዩ እስኪቀይረው መታገሥ።

ወደ ግሱ ልመለስ፤ ጉዳዩ ከተውላጠ ስም በላይ ይሄዳልና። አንዱን ጥያቄ በስንት ደረጃ ማቅረብ እንደምንችል ተመልከቱ። «ሰነዱን ላክልኝ።» «ሰነዱን ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።» «ሰነዱን ቢልኩልኝ።» «ሰነዱን እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።» «ሰነዱ እንዲላክልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» «ሰነዱ እንዲላክ እናሳስባለን።» ከላይ ወደ ታች ስንወርድ የጨዋነቱ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ያለው ከሁሉ ይልቅ ከባዱ ነው። «አሳስባለሁ» ኃላፊነት ያለው አካል ኃላፊነት ላለበት የሚጽፈው ቃል ነው፤ ባለጉዳይ ለሚያመለክትበት መሥሪያ ቤት «አሳስባለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ ማለት የፈለገው «እባካችሁ አትርሱኝ» ቢሆንም፣ የሚነበበው «ሥራችሁን አታውቁም» ተብሎ ነው። «አመለክታለሁ» ከታች ወደ ላይ፣ «እገልጻለሁ» ከእኩያ ወደ እኩያ፣ «አሳስባለሁ» ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ግሶች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደብዳቤ አጻጻፍን ያስተማሩ መጻሕፍት ብዙ ገጻቸውን ለሰላምታው ብቻ የሰጡት፣ ጸሐፊው ከተቀባዩ በታች፣ እኩያ ወይም በላይ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር በትክክል ማሳየት ስለነበረበት ነው። ለእኛ ያ ሥራ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ግሱ ላይ ይደገማል።

አድራጊውን ስለማይጠቅስ አነጋገር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ የአጻጻፍ መምህራን ሰነፍ አጻጻፍ ነው ብለው ይነቅፉታል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። «ሰነዱን አልላኩልኝም» እና «ሰነዱ አልደረሰኝም» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የመጀመሪያው ክስ ነው፤ ምናልባት ሰውየው ልኮት በመንገድ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የሐሰት ክስ ነው። ሁለተኛው የማውቀውን ብቻ ይናገራል፤ ሰነዱ በእጄ የለም። ተቀባዩ ረስቶት ከሆነ ሳያፍር እንዲልክ በር ይከፍትለታል፤ ልኮት ከሆነም ወዴት እንደ ጠፋ አብሮን እንዲፈልግ ይጋብዘዋል። እውነቱ ላይ አንዲት ነገር ሳንቀንስ ሰውን ከማሳፈር የሚያድን ሰዋስው ካለን ልንጠቀምበት ይገባል። የምቃወመው እንዲህ ያለው አነጋገር የራሳችንን ጥፋት ለመደበቅ ሲውል ነው። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወዲያው «ማን ፈጠረው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ወደ ይቅርታ ደብዳቤ ያመጣናል፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከደብዳቤዎች ሁሉ ቃናው በቀላሉ የሚበላሸው ይህ ነውና። በአማርኛ የይቅርታ ዕጣ በአንዲት ቅጥያ ላይ ይንጠለጠላል። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» እና «ስላስቀየምኩህ ይቅርታ» የሚሉትን አስተውሉ። «ከ» ሁኔታ ነው፤ ምናልባት ተቀይመህ ከሆነ፣ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይላል። «ስለ» ምክንያት ነው፤ እንዳስቀየምኩህ አውቃለሁ፣ ይቅርታ የምጠይቀውም ስለዚያ ነው፣ ይላል። ብዙዎቻችን «ከ»ን የምንመርጠው ጨዋ ስለሚመስለን ነው፤ የተቀየመው ሰው ግን ቅያሜው እውነት መሆኑን ገና ማስረዳት እንዳለበት ሆኖ ይሰማዋል። ሁለተኛው እንቅፋት «ግን» ነው። «ስላስቀየምኩህ ይቅርታ፤ ግን ያን ዕለት ደክሞኝ ነበር» በሚለው ውስጥ አንባቢው የሚይዘው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ነው። ምክንያታችንን መናገር ካለብን በፊት እናስቀምጠው፣ ይቅርታው የመጨረሻውን ቃል ይያዝ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ምክንያቱን እስክንጠየቅ ድረስ መተው ነው። ያጠፋነውንም በስሙ እንጥራው። «በሰው ፊት ሥራህን በማጣጣሌ» ብሎ የጻፈ ሰው የተፈጠረውን ነገር አይቶታል፤ «ለተፈጠረው ነገር» ብሎ የጻፈ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ አዙሯል።

የሐዘን ደብዳቤ የተለየ ጸጥታ ይጠይቃል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ረጅም ጽሑፍ የሚከታተልበት ልብ የለውም፤ ማብራሪያም ምክርም አይፈልግም። «እግዜር ያጽናህ»ን የመሰሉ የተለመዱ ቃላት ተደጋግመው የተሰሙ ናቸው ብለን መሸሽ አይገባንም፤ ያዘነ ሰው አዲስ አነጋገር አይፈልግም፣ የሚታወቀው ቃል ራሱ እንደ ምርኩዝ ያገለግለዋል። ከዚያ በኋላ የሟቹን ስም ጠርተን እኛ ብቻ የምናውቃትን አንዲት ትንሽ ነገር ብንጽፍ፣ ለምሳሌ ደብዳቤ ሲጽፍ ሁልጊዜ የሰውን ልጆች በየስማቸው ይጠይቅ እንደ ነበር፣ ይበቃል። «ቢያንስ» የሚለው ቃል ግን ከሐዘን ደብዳቤ ይውጣ። «ቢያንስ ሳይሠቃይ ሄደ» ማለት ለሐዘንተኛው ስንት ማልቀስ እንዳለበት መወሰን ነው።

እምቢታን በሚያደርስ ደብዳቤ ላይ የማየው ስህተት ከዚህ የተለየ ነው፤ ደግነት ከሚመስል ነገር ይመነጫል። ሰውየው ደብዳቤውን ሲከፍት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተፈቀደልኝ ወይስ አልተፈቀደልኝም? ጸሐፊው ክፉ ወሬ ማብሰር ከብዶት ሁለት አንቀጽ ሙሉ ያመሰግነዋል፣ ያሞግሰዋል፣ የአንባቢው ተስፋ በየመስመሩ ከፍ ይላል፣ በሦስተኛው አንቀጽ «ይሁን እንጂ» ይመጣል። ከዚያ ከፍታ መውደቅ ከመጀመሪያው ከመስማት ይብሳል። ስለዚህ ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ መልሱ በሁለተኛው ይምጣ፣ ምክንያቱ ይከተል። ከሁሉ በላይ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። ነገሩ ፈጽሞ እንደማይሆን እያወቅን «ለጊዜው አልተቻለም» ብለን የምንጽፈው እኛ እንዲቀለን ነው፤ ሰውየው ግን ቃላችንን አምኖ ይጠብቃል፣ ሌላ በር ሊያንኳኳ የሚችልበትን ጊዜም በእኛ በር ላይ ይፈጀዋል።

በቁጣ ስለሚጻፍ ደብዳቤ ስናገር ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከን ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ጌቲስበርግ ላይ የተደረገው ውጊያ በድል ከተጠናቀቀ በኋላ፣ የሊንከን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጆርጅ ሚድ ወደ ኋላ የሚሸሸውን የተቃራኒውን ወገን የጄኔራል ሊ ጦር ተከታትሎ ሳይመታ ቀረ፤ የሊ ጦርም የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አመለጠ። ሊንከን ሐምሌ 14 ቀን ለሚድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የሚጀምረው በምስጋና ነው፤ ለተገኘው ድል እጅግ እጅግ አመስጋኝ መሆኑን ይናገራል፣ ጥቂት ሕመም እንኳ ያደረሰበት እንደሆነ እንደሚያዝን ይገልጻል። ከዚያ ግን እርሱ ራሱ በከባድ ጭንቀት ውስጥ ስለነበረ ስሜቱን መግታት እንዳልቻለ ይጽፋል፣ ወዲያውም የጠፋው ዕድል ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበር፣ ጦርነቱም አሁን ማለቂያ ወደሌለው ጊዜ እንደሚራዘም ይዘረዝራል። ደብዳቤው አልተላከም። በፖስታው ላይ ለጄኔራል ሚድ የተጻፈ፣ ያልተላከና ያልተፈረመ መሆኑን በእጁ ጽፎ አስቀመጠው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የትዕግሥት ምሳሌ ተደርጎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ትግል ነው። ጸሐፊው ምስጋናውን ከልቡ ነው የጻፈው፤ ቃናውን በሚገባ መርጦ ነበር የጀመረው፤ በመካከል ግን ስለ ራሱ ሐዘን ሲጽፍ ብዕሩ ከእጁ አመለጠው። ተቀባዩ በዚያ ሰዓት በዚያው ጉዳይ በደረሰበት ወቀሳ ምክንያት ከአዛዥነቱ እንዲነሣ ጠይቆ የነበረ ሰው ነው። ደብዳቤው ለጸሐፊው ልብ ያስፈልግ ነበር፤ ለአንባቢው ግን ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበር። ሁለቱም ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ይላክ። አቤቱታ የምንጽፍ ሰዎችም ይህን ብንይዝ ይጠቅመናል። «ንቀታችሁ ልክ አጥቷል» የሚለው መስመር የመሳቢያው ነው፤ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ የተሰጠን ቀጠሮ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስን፣ አሁን ምን እንዲደረግልን እንደምንፈልግ ደግሞ የሚላከው ነው። ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደሉን ያደረሰብን ሰው አይደለምና፣ ቁጣችን የሚያርፈው ሊረዳን በሚችል ሰው ላይ ይሆናል።

ከታች የሚጻፈው ነገርም ቃና አለው። ከቃሉ አንዲት ፊደል ሳንለውጥ «ግልባጭ» ብለን የሰውየውን አለቃ ስም ከጨመርን፣ ማስታወሻ የነበረው ደብዳቤ ክስ ይሆናል፤ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ነገር ግን እያወቅን እናድርገው። በስልክ ለምንልካቸው አጫጭር መልእክቶችም ይኸው ይሠራል፤ ለረጅም መልእክት አንድ «እሺ» ብቻ መመለስ ስምምነት ነው ብለን እናስባለን፣ ተቀባዩ ግን የተዘጋ በር ሊያይበት ይችላል።

ቃናችንን ለመመርመር የማውቀው ከሁሉ የተሻለ መንገድ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልን መጠየቅ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ምንም ሳንነግረው። የሚያነበው ሰው የእኛን ድምፅ ስለማያውቅ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ያነብባል፤ እኛ በፈገግታ የጻፍነውን መስመር እርሱ በደረቁ ሲያነበው ያን ጊዜ እንደነግጣለን። ሰው ካላገኘን አሳድረን በማግስቱ ራሳችን እናንብበው፤ ስናነብም ተቀባዩ ሥራ በዝቶበት፣ አንድ ክፉ ወሬ ሰምቶ፣ ቆሞ እንደሚያነበው አድርገን እናስብ።

ለዚያ ጓደኛዬ ከተገናኘን በኋላ እንደገና ጽፌለት ነበር። ደብዳቤው አጭር ነው፦ «ያንተ ክፍል ሲጎድል ጽሑፉ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቀው አንተ ነህ። የከበደህ ቦታ ካለ ላክልኝና አብረን እንየው፤ ጊዜ ካጠረህም እስከ ወሩ መጨረሻ እንግፋው። ያኔ እንደ ባዕድ ስለጻፍኩልህ ይቅርታ።» በሳምንቱ ክፍሉ ደረሰኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጁ አንድ መስመር ጽፎበታል፦ «ይኼኛውን የጻፍከው አንተ ነህ።»